መጀመሪያ ሣሩ፣ ከዚያ ላሟ፦ ጎንደርና አካባቢዋ ከብት እርባታ ለሚጀምሩ ዝርዝር መመሪያ

ጎንደር ላይ ከብት እርባታ ጀምረው ያቆሙ ሰዎች ታሪክ ይመሳሰላል። ጥቅምት ላይ ሜዳው ለምለም ነው፤ ላሞቹ ያብረቀርቃሉ፤ ወተቱም አለ። ያኔ ብር ይዞ ገበያ የወጣ ሰው ሦስት አራት ላም ነድቶ ይመለሳል። ጥር ላይ ሣሩ ያልቃል። መጋቢት ላይ የገዛው ጭድ ያልቃል። ሚያዝያ ላይ የጎድን አጥንቷ የሚቆጠር ላም ይዞ እዚያው ገበያ ይቆማል፤ የገዛበትንም ዋጋ አያገኝም።

ብዙዎች ጥፋቱን በላሟ ዘር ወይም በመኖ ዋጋ ያሳብባሉ። አብዛኛውን ጊዜ ግን የተበላሸው ቅደም ተከተሉ ነው። ስለዚህ ይህ መመሪያ ሥራውን ከሣሩ ይጀምራል። ጥር ላይ ሂሳብ ይሠራል፣ በጋውን መሬት ይዘጋጃል፣ ሰኔና ሐምሌ ይተከላል፣ ጥቅምት ይታጨዳል፤ ላም የሚገዛው በሚቀጥለው ዓመት ጥር ወይም የካቲት ነው። አዎ፣ አንድ ዓመት ያለ ላም ነው። ያን ያህል መታገስ የማይችል ሰው ገንዘቡን ሌላ ሥራ ላይ ቢያውል ይሻለዋል።

ደረጃ 1፦ ሂሳቡን ሥሩ (ጥር)

አንድ ከብት በቀን ከክብደቷ ከ2.5 እስከ 3 በመቶ የሚሆን ደረቅ መኖ ትበላለች። ደረቅ ሲባል በመኖው ውስጥ ያለው ውሃ ሳይቆጠር ማለት ነው።

* 300 ኪሎ የምትመዝን የአካባቢ ላም፦ በቀን 8 ኪሎ ገደማ።
* 450 ኪሎ የምትመዝን ዲቃላ፦ በቀን 12 ኪሎ ገደማ፤ ብዙ የምትታለብ ከሆነ ከዚያም በላይ።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። እርጥብ የዝሆን ሣር (ለመኖ የሚተከል ረጅም ባለ አገዳ ሣር) አራት አምስተኛው ውሃ ነው። ስለዚህ 8 ኪሎ ደረቅ መኖ ለመስጠት 40 ኪሎ ያህል እርጥብ ሣር ማጨድ አለባችሁ። «ጠዋት ማታ ሣር እሰጣታለሁ፣ ግን ትከሳለች» የሚል ሰው ሸክሙን አንድ ቀን በሚዛን ቢለካው መልሱን ያገኘዋል።

አሁን ሦስት የአካባቢ ላሞችን እናስብ። በቀን 24 ኪሎ፣ በዓመት 8,760 ኪሎ ደረቅ መኖ ይፈልጋሉ። የሚረገጠው፣ የሚሻግተውና የሚበተነው ሲጨመር 100 ኩንታል ድረስ ይሄዳል። ጥጃና ጊደር ካለ ደግሞ ሌላ ተጨማሪ ነው።

አንድ ሄክታር፣ ማለትም አራት ጥማድ ያህል መሬት ቢኖራችሁስ? በደህና አያያዝ ይህን ያህል ብትጠብቁ ይበቃል፦

* ሁለት ጥማድ ከግጦሽ የተከለከለ የተፈጥሮ ሣር፦ ከ15 እስከ 20 ኩንታል ድርቆሽ።
* አንድ ጥማድ የዝሆን ሣር ወይም ደሾ (ሌላ ለመኖ የሚተከል ሣር)፦ በደረቅ ሲታሰብ 25 ኩንታል ገደማ።
* አንድ ጥማድ አጃና ቬች (ከአጃ ጋር ተቀላቅሎ የሚዘራ የመኖ ጥራጥሬ)፦ ከ15 እስከ 20 ኩንታል።

ድምሩ ከ55 እስከ 65 ኩንታል ነው። አንድ ሄክታር ሙሉ ለሣር ብትሰጡም ለሦስት ላም አይበቃም ማለት ነው። ቀሪውን 40 ኩንታል ከጭድ፣ ከገለባ፣ ከፋጉሎ (የቅባት እህል ዘይቱ ከወጣ በኋላ የሚቀረው) እና ከፉርሽካ መሙላት አለባችሁ። ይህን የምትገዙበትን ብር ከላሟ ዋጋ ለይታችሁ ዛሬውኑ አስቀምጡ።

*ሂሳቡ ካልሞላ፦* ከላሞቹ አንዷን ሰርዙ። «እንደምንም ይሞላል» ብላችሁ ቁጥሩን አትተዉት።

አንድ ማሳሰቢያ። ጥማድ የሚባለው ብዙ ጊዜ ሩብ ሄክታር ቢሆንም ከሰፈር ሰፈር ይለያያል። መሬታችሁን በገመድ ወይም በሜትር ራሳችሁ ለኩ።

ደረጃ 2፦ መሬቱን እወቁ (ጥርና የካቲት)

ጎንደር ዙሪያ አንድ ዓይነት አገር አይደለም። ደምቢያ ሜዳ ላይ የሚሠራ ወገራ ላይ ላይሠራ ይችላል።

ጣና ዳር፣ ደምቢያና ፎገራ፦ ሜዳው ክረምት ላይ ውሃ ይተኛበታል። ሣሩ ብዙ ነው፤ የጉበት ትልም እንዲሁ። የዝሆን ሣር የምትተክሉት ውሃ በማይተኛበት ከፍ ያለ ቦታ ላይ ብቻ ነው።

አዘዞ፣ ጠዳ፣ ማክሰኚትና መሰል ወይና ደጋ፦ የዝሆን ሣር፣ ደሾ፣ ሮደስ ሣር፣ አጃና ቬች ሁሉም ይሆናሉ። ለጀማሪ ምቹው ይሄ ነው።

አምባ ጊዮርጊስ፣ ዳባት፣ ደባርቅ፦ ውርጩ የዝሆን ሣርን ያቃጥለዋል። እዚያ አጃና ቬች፣ ደሾ፣ በአጥር ዳር ደግሞ ትሪ ሉሰርን (ቅጠሉ ለመኖ የሚሆን ዛፍ) ይሻላሉ።

ቀጥሎ የአፈሩን ውሃ አወጣጥ ፈትኑ። ግማሽ ሜትር ጉድጓድ ቆፍሩና ውሃ ሙሉበት። ውሃው በሰዓታት ውስጥ ከሰረገ መሬቱ ደህና ነው። በማግስቱም እዚያው ከተኛ ዋልካ (ውሃ የሚይዝ ጥቁር አፈር) ላይ ናችሁ፤ ፈሰስ (የውሃ መውረጃ ቦይ) ሳታወጡ ምንም ነገር እንዳትዘሩ።

የመጠጥ ውሃውን የምታዩት መጋቢትና ሚያዝያ ላይ ነው። ጥቅምት ላይ የማይፈስ ምንጭ የለም። አንዲት የአካባቢ ላም በቀን ከ25 እስከ 40 ሊትር ትጠጣለች። የምትታለብ ዲቃላ ከዚህ ከእጥፍ በላይ ልትጠጣ ትችላለች። ውሃው ከበረቱ ርቆ ከሆነ ማን፣ በምን፣ በቀን ስንት ጊዜ እንደሚያመጣው አሁን ወስኑ።

ደረጃ 3፦ አጥርና ጎረቤት (የካቲትና መጋቢት)

ይህን ደረጃ የሚዘል ሰው የተከለው ሣር ሲበላ ቆሞ ያያል። በአካባቢያችን አዝመራ ከተሰበሰበ በኋላ ማሳው የሁሉም ከብት መሰማሪያ ነው። የእናንተ የዝሆን ሣር ደግሞ ያን ጊዜ በሰፈሩ የቀረው ብቸኛ ለምለም ነገር ይሆናል።

1. አጥሩን ከመጀመራችሁ በፊት ጎረቤቶቻችሁን አነጋግሩ። ቡናው ላይ ወይም ከቅዳሴ በኋላ ይሁን። «አባ፣ እዚህች ላይ ሣር ልተክል ነው፤ ከብቱን እንድትይዙልኝ» ማለት ከዘበኛ የበለጠ ይሠራል።
2. ከብቶች በማሳችሁ መሃል ወደ ውሃ የሚያልፉ ከሆነ መንገዱን አትዝጉ። ጥግ ላይ ሦስት ሜትር ያህል መተላለፊያ ተዉ። የተዘጋ መንገድ በሌሊት ይከፈታል።
3. ስለ ልቅ ግጦሽ ቀበሌው ያወጣው ደንብ ካለ ጠይቁ። ካለ፣ ስምምነታችሁን ሽማግሌዎች ባሉበት በጽሑፍ አድርጉት።
4. ከዚያ አጥሩ። ለመጀመሪያው ዓመት የእሾህ አጥር ይበቃል። ከሥሩ ቅንጭብ ወይም ሌላ በቁራጭ የሚጸድቅ ተክል ትከሉ፤ በሁለት ሦስት ዓመት እሾሁን ይተካዋል።

*አጥሩ ከተጣሰ፦* በመጀመሪያው ቀን ክስ አትጀምሩ። ባለከብቱን ጠርታችሁ የተበላውን አሳዩት፤ ድርቆሽ ስታጭዱም አንድ ሁለት ሸክም ስጡት። በሚቀጥለው ዓመት ከእናንተ በላይ ማሳችሁን የሚጠብቀው እሱ ነው።

ደረጃ 4፦ ያለውን ግጦሽ አድሱ (ከሚያዝያ እስከ ነሐሴ)

መሬታችሁ ላይ ሣር ካለ ገልብጣችሁ አትረሱት። ሰርዶና ማገጥ (ሦስት ሦስት ቅጠል ያለው የሜዳ ተክል) ያለበት ሜዳ ሀብት ነው። በተለይ ማገጥ በፕሮቲን የበለጸገ ስለሆነ ወተት ይጨምራል። የሚያስፈልገው ዕረፍትና ጽዳት ነው።

1. ሚያዝያ፦ ቁጥቋጦውን ከሥሩ ንቀሉ፤ ድንጋዩን ልቀሙ። ማጭድ የማይገባበት ሜዳ ድርቆሽ አይሆንም።
2. ግንቦት፦ የበሰበሰ ፍግ በትኑ። ፍጉን ሁሉ ኩበት አድርጎ የሚሸጥ ሰው ሣሩንም አብሮ እየሸጠ ነው፤ ቢያንስ ግማሹን ለመሬቱ ተዉለት።
3. ሰኔ መጀመሪያ፦ ሜዳውን ክልክል አድርጉት። ከዚህ ቀን ጀምሮ እስከ አጨዳ አንድም ከብት አይገባም። በእርጥብ ዋልካ ላይ የገባ ከብት ከሚበላው ይልቅ በኮቴው የሚያበላሸው ይበልጣል።
4. ሐምሌ፦ ሣሩ መሬቱን መሸፈን ሲጀምር ለአንድ ጥማድ ከ12 እስከ 25 ኪሎ ዩሪያ በትኑ። ዝናብ ጠብ ሊል ሲል እንጂ ጎርፍ በሚወርድበት ቀን አይደለም። ማገጥ በብዛት ካለ ዩሪያውን ቀንሱ፤ ሣሩ በርትቶ ማገጡን ያፍነዋል።
5. ሐምሌና ነሐሴ፦ አረም ንቀሉ።

ስለ አረሙ ጥቂት ልበል። ፎገራና ጣና ዳር አሜከላ የግጦሹን መሬት እየወረረ ነው። እሾሁ ከብቱን ከሣሩ ያርቃል። አበባ ሳያወጣና ሳያፈራ ከነሥሩ መነቀል አለበት፤ ከላይ ብቻ ማጨድ እንደገና እንዲያቆጠቁጥ ያደርገዋል። ፓርቲኒየም ካያችሁ ደግሞ በባዶ እጅ አትንኩት፤ ቆዳ ያሳክካል። የበላችው ላም ወተቷ ይመርራል። ሳያብብ ንቀሉና ሰብስባችሁ አቃጥሉት። እንግጫው የበዛበት ቦታ ውሃ እንደሚተኛበት ምልክት ስለሆነ ከመንቀል በፊት ፈሰስ አውጡለት።

ደረጃ 5፦ የዝሆን ሣርና ደሾ ትከሉ (ሰኔ አጋማሽ እስከ ሐምሌ አጋማሽ)

መሬቱን ከሚያዝያ ጀምሮ ሁለት ሦስት ጊዜ እረሱ። የመጨረሻው እርሻ የሚሆነው ዝናቡ ከያዘ በኋላ ነው። የመጀመሪያው ዝናብ ዘንቦ ሳምንት ሁለት ሳምንት ሊጠፋ ስለሚችል በአንድ ዝናብ ተታላችሁ አትትከሉ።

የዝሆን ሣር

1. መትከያውን ቀድማችሁ ፈልጉ። የግብርና ጽሕፈት ቤት ችግኝ ጣቢያዎችን፣ ወይም ቀድሞ የተከለ ገበሬ ጠይቁ። ለአንድ ጥማድ 5,000 ያህል ቁራጭ ያስፈልጋል፤ ሰኔ 20 ላይ ተነስታችሁ የምታገኙት ነገር አይደለም።
2. የበሰለ አገዳ ምረጡ። በጣም ለጋው ይበሰብሳል።
3. ሦስት አንጓ እንዲኖረው አድርጋችሁ ቁረጡት። የተቆረጠውን በጥላ አቆዩት፤ በተቻለ መጠን በዚያው ቀን ወይም በማግስቱ ትከሉት።
4. በመስመርና በመስመር መካከል 1 ሜትር፣ በተክልና በተክል መካከል ግማሽ ሜትር ተዉ።
5. በየጉድጓዱ ሁለት እፍኝ ፍግ ጨምሩና ከአፈሩ ጋር ቀላቅሉ።
6. ቁራጩን አጋድማችሁ ሁለት አንጓውን ቅበሩ፤ አንዱ ከመሬት በላይ ይቅር። ቡቃያው ወደ ላይ መመልከቱን እዩ። ተገልብጦ የተተከለ ብዙ ጊዜ ይቀራል።
7. በሦስተኛውና በስድስተኛው ሳምንት አርሙ። የመጀመሪያው ዓመት አረም ካሸነፈው በሁለተኛው ዓመት የዝሆን ሣር የሚባል ነገር አይኖራችሁም።

የመጀመሪያው አጨዳ ከሦስት እስከ አራት ወር ባለው ጊዜ፣ ቁመቱ አንድ ሜትር ገደማ ሲደርስ ነው። ከመሬት አንድ መዳፍ ያህል አስቀርታችሁ እጨዱ። ሥሩ ድረስ የታጨደ ሣር ይሞታል። በሌላ በኩል «ይብዛልን» ብላችሁ ሁለት ሜትር እስኪሆን ብትጠብቁ አገዳ ብቻ ታተርፋላችሁ፤ ላሟ ቅጠሉን ለቅማ ቀሪውን ትተወዋለች።

ደሾ

ደሾ ቀላል ነው። ከሥሩ ገንጥላችሁ ትተክሉታላችሁ፤ በመስመሮች መካከል ግማሽ ሜትር ተዉ። ተዳፋት ላይና እርከን ዳር ይስማማዋል። መሬት የሚያጥበው ሰው ከደሾ ቢጀምር ይሻለዋል።

*ካልጸደቀ፦* ሦስት ሳምንት ጠብቁና ቁጠሩ። ከአራቱ አንዱ ከቀረ የጎደለውን በነሐሴ መጀመሪያ ተኩ። ግማሹ ከቀረ አንድ ቁራጭ ነቅላችሁ ተመልከቱ። ከበሰበሰ ውሃ ተኝቶበታል፤ ፈሰስ ይፈልጋል። ከደረቀ ዝናብ ሳይዝ ተክላችኋል። ምስጥ ከበላው ፍጉ በደንብ አልበሰበሰም ማለት ሊሆን ይችላል።

ደረጃ 6፦ አጃና ቬች ዝሩ (ሐምሌ)

ለጀማሪ ከሁሉም የምመክረው ይህንን ነው። በሦስት ወር ተኩል ድርቆሽ ይሆናል፤ መሬቱንም ለሚቀጥለው ሰብል ያደልባል።

1. ከመዝራታችሁ ሁለት ሳምንት በፊት ዘሩን ፈትኑ። 100 ፍሬ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልላችሁ ለአሥር ቀን አቆዩ። ከ80 በላይ ከበቀለ ደህና ነው። ከ60 በታች ከሆነ ዘሩን መልሱ፤ አይሆንም ካሏችሁ መጠኑን ጨምሩ።
2. ለአንድ ጥማድ ከ18 እስከ 20 ኪሎ አጃና 6 ኪሎ ቬች ለኩ። ቬቹን ብታበዙት አጃውን ይዞት ይወድቃል፤ ከሥር ይበሰብሳል።
3. 25 ኪሎ ኤንፒኤስ ማዳበሪያ ከዘሩ ጋር ስጡ።
4. ዋልካ ላይ ከሆናችሁ በየጥቂት ሜትሩ ፈሰስ አውጡ።
5. የምትዘሩበትን ቀን ከአጨዳው ወደ ኋላ ቆጥራችሁ ወስኑ። በሐምሌ መጀመሪያ የተዘራ በጥቅምት አጋማሽ ለአጨዳ ይደርሳል፤ ያኔ ዝናቡ አልፏል። በሰኔ መጀመሪያ የዘራ ሰው መስከረም ላይ በዝናብ ውስጥ ሊያጭድ ነው።

አጃው ገና ወተት የቋጠረ ፍሬ ሲይዝ፣ ቬቹም አበባው ሲጋመስ እጨዱ። ፍሬው እስኪደርቅ ከጠበቃችሁ ያጨዳችሁት ጭድ ነው።

ደረጃ 7፦ ክረምቱን ሙያ ተማሩበት (ከሐምሌ እስከ መስከረም)

ሣሩ ሲያድግ እናንተ ሥራ ፈት አትሁኑ። ላም ያለው ሰው ፈልጉና «ያለ ክፍያ ላግዝ» በሉት። ጠዋትና ማታ፣ ቢያንስ ለሁለት ወር። ፍግ ጠርጉ፣ ሣር እጨዱ፣ እለቡ። ከዚያ በፊት የተወሰደ ስልጠና ጥሩ ነው፣ ግን እጅን አያሠለጥንም። ወተት ማለብ የማይችል ባለቤት በአላቢው እጅ ነው፤ አላቢው የቀረ ቀን ላሟ ጡቷ ያብጣል።

እነዚህን ሳታውቁ ከዚያ ቤት አትውጡ፦

* መፈለጓን መለየት። ላም በአማካይ በ21 ቀን አንዴ ኮርማ ትፈልጋለች። ዋናው ምልክት ሌላ ላም ስትወጣባት ዝም ብላ መቆሟ ነው። ጠዋት ካያችኋት ከሰዓት በኋላ፣ ማታ ካያችኋት በማግስቱ ጠዋት ትዳቀል። የአዳቃዩን (የሰው ሠራሽ ማዳቀል ባለሙያውን) ስልክ አስቀድማችሁ ያዙ። የእርግዝናው ጊዜ ዘጠኝ ወር ከአሥር ቀን ገደማ ነው።
* እንገር። ጥጃው በተወለደ በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት እንገር መጥባት አለበት። ሌላው ሁሉ ከዚያ በኋላ ይደርሳል።
* ጤናማ ላም ምን እንደምትመስል። የሰውነት ሙቀቷ ከ38 እስከ 39.3 ዲግሪ፣ አፍንጫዋ እርጥብ፣ ስትተኛ የምታመሰኳ። ማመስኳት ያቆመች ላም ታማለች።
* መንፋት። ጤዛ ያለበት አልፋልፋ ወይም ማገጥ ጠዋት በባዶ ሆዷ የበላች ላም በግራ ጎኗ ትነፋለች። መከላከያው ቀላል ነው፤ መጀመሪያ ድርቆሽ ስጧት፣ አልፋልፋውንም አጠውልጉት። ከተነፋች የፊት እግሯ ከፍ ያለ ቦታ ላይ ይሁን፤ ግማሽ ሊትር የምግብ ዘይት ቀስ እያላችሁ አጠጧት፤ ሐኪም ጥሩ። አንገቷን ሽቅብ ይዛችሁ አትገልብጡባት፤ ዘይቱ ሳንባዋ ይገባል።
* የጉበት ትል። ከረግረግ ሣርና ቀንድ አውጣ ካለበት ውሃ ይመጣል። የምትከሳ፣ ከመንጋጋዋ ሥር የሚያብጥባት ላም ካያችሁ ጠርጥሩ። መድኃኒቱን ሐኪም ይምረጥ። በየሱቁ የሚሸጠው አልቤንዳዞል ያደገውን ትል እንጂ ታዳጊውን አይገድልም።
* አባ ሰንጋ። በድንገት ሞታ ከአፍንጫዋ ወይም ከኋላዋ ደም የሚፈስ ከብት አትረዱ፣ አትግፈፉ፣ አትብሉ። ሰው ይገድላል። ለእንስሳት ሐኪም ደውሉና እንደሚላችሁ ቅበሩ።

ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ አለ። ስለ ፎገራ የከብት ዘር ማወቅ የሚፈልግ ደግሞ ባሕር ዳር አጠገብ ያለውን የአንዳሳ የእንስሳት ምርምር ማዕከል ቢጠይቅ ዋጋ አለው።

ደረጃ 8፦ ድርቆሹን በወቅቱ እጨዱ (ከመስከረም መጨረሻ እስከ ጥቅምት አጋማሽ)

ልማዱ ኅዳር ድረስ መጠበቅ ነው። ያኔ ክምሩ ትልቅ ይሆናል፤ ሣሩ ግን ደርቆ ቢጫ ሆኗል፣ ፍሬውም ረግፏል። ላሟ ሆዷን ትሞላበታለች እንጂ ወተት አትሰጥበትም። ትክክለኛው ጊዜ የሜዳው ግማሽ ያህል ሲያብብ ነው።

1. ሰማዩ ለሁለት ሦስት ቀን መጥራቱን እዩ። ጤዛው ከተነሳ በኋላ ጀምሩ።
2. በእነዚያ ቀናት ማድረቅና ማንሳት የምትችሉትን ያህል ብቻ እጨዱ።
3. ስስ አድርጋችሁ ዘርጉ፤ በቀን ሁለት ጊዜ ገልብጡ።
4. ማታ ማታ በትንንሽ ክምር ሰብስቡ፤ ጠዋት እንደገና ዘርጉ።
5. መድረቁን ፈትኑ። እፍኝ ሣር ወስዳችሁ በኃይል ጠምዝዙ። እጃችሁን ካረጠበ አልደረሰም። ተሰባብሮ ከረገፈ ደግሞ አልፎበታል፤ ቅጠሉ መሬት ላይ ቀርቷል። ቀለሙ አረንጓዴ ሆኖ አገዳው ሲታጠፍ የሚሰበር ከሆነ አንሱት።
6. ከመሬት ከፍ ያለ የእንጨት ቆጥ ላይ፣ ከላይ ቆርቆሮ ወይም ላስቲክ ያለው ቦታ ከምሩ። ከማድቤት አርቁት።

*ዝናብ ቢመጣ፦* የተዘረጋውን ሾጠጥ ባለ ክምር ሰብስቡ፤ ሲያባራ ዘርጉ። የረጠበ ድርቆሽ ደረቁ ላይ በጭራሽ አትከምሩ።

*ክምሩ ቢሞቅ፦* ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት እጃችሁን ወደ ክምሩ ውስጥ እያስገባችሁ ፈትሹ። ከሞቀ ሳትውሉ ሳታድሩ አፍርሱና አናፍሱ። ሻጋታ ያበቀለውን ጣሉት፤ በተለይ እርጉዝ ላም ሊያስወርዳት ይችላል።

ክምሩ ሲያልቅ መጠኑን በግምት አትተዉ። አሥር ሸክም መዝኑ፣ አማካዩን በሸክም ብዛት አባዙ፣ ደብተር ላይ ጻፉ። ደረጃ 1 ላይ ከጻፋችሁት ጋር አስተያዩት።

ደረጃ 9፦ የጎደለውን ግዙ፣ ጭዱን አሻሽሉ (ታኅሣሥና ጥር)

ጭድ የሚገዛው ውቂያው እንዳለቀ ነው። መጋቢት ላይ ያው ጭድ በሌላ ዋጋ ነው የሚጠብቃችሁ። የጤፍ ጭድ ከስንዴና ከገብስ ይመረጣል። የሽምብራና የባቄላ ገለባ ካገኛችሁ አትለፉት። የኑግ ፋጉሎና ፉርሽካም በዚያው ጊዜ ያዙ። ዳሽን ቢራ ፋብሪካ ጎንደር ላይ ስላለ የቢራ ተረፈ ምርት ማግኘትም ይቻላል፤ ግን እርጥብ ስለሆነ በጥቂት ቀን ይበላሻል። ሁለት ላም ያለው ሰው ብዙ ጭኖ ቢመጣ ግማሹን ይደፋዋል።

የስንዴ ወይም የገብስ ጭድ ብቻ ከያዛችሁ በዩሪያ አሻሽሉት፦

1. 100 ኪሎ ጭድ፣ 5 ኪሎ ዩሪያ፣ 100 ሊትር ውሃ አዘጋጁ። ሁሉንም መዝኑ።
2. ዩሪያውን በውሃው ውስጥ ሙሉ በሙሉ አሟሙ። ያልሟሟ ፍሬ መርዝ ነው።
3. ጉድጓድ ውስጥ ላስቲክ አንጥፉ። ጭዱን በስሱ እየነሰነሳችሁ ውሃውን እያርከፈከፋችሁ፣ በእግር እየረገጣችሁ ሙሉት።
4. አየር እንዳይገባ በላስቲክ ሸፍኑና አፈር ጫኑበት።
5. ሦስት ሳምንት አቆዩ። ወገራና ዳባት ብርዱ ስላለ አራት ሳምንት ይሁን።
6. የቀኑን ብቻ አውጡ፤ ሽታው እስኪቀንስ አንድ ቀን አናፍሱ፤ ከዚያ ስጡ። በትንሹ ጀምራችሁ በሳምንት ውስጥ አሳድጉ።

ዕድሜው ከስድስት ወር በታች ለሆነ ጥጃ፣ ለፈረስና ለአህያ አትስጡ። ዩሪያ የሟሟበትን ባልዲ ከብት በሚደርስበት ቦታ አትተዉ። ከበላች በኋላ ከተንቀጠቀጠች፣ አረፋ ከደፈቀችና ከተነፋች መኖውን አንሱ፤ ኮምጣጤ በብዙ ቀዝቃዛ ውሃ አጠጡ፤ ሐኪም ወዲያው ጥሩ።

*ጭዱ ሲከፈት ጥቁር ከሆነ ወይም ከሻገተ፦* አየር ገብቶበታል። የተበላሸውን ጥላችሁ ቢጫ ቡናማ ሆኖ አሞኒያ አሞኒያ የሚሸተውን ብቻ ተጠቀሙ።

ደረጃ 10፦ አሁን ላም ግዙ (ከጥር ጀምሮ)

መኖ ያለው ሰው ገበያው ይመቸዋል። ከየካቲት በኋላ መኖ ያለቀበት ይሸጣል፤ እናንተ ትመርጣላችሁ። በሁለት ጀምሩ። መኖው ለሦስት ቢበቃም ሦስተኛዋን ስድስት ወር አቆዩአት። የመጀመሪያዎቹ ደግሞ የአካባቢ ወይም የፎገራ ዘር ቢሆኑ ይሻላል። ዲቃላ ወተቷ ብዙ ነው፣ ግን ስህተት አትችልም።

* ከገበያ ይልቅ ከባለቤቱ ቤት ግዙ። ስትታለብ ቆማችሁ እዩ፤ ከተቻለ ማታና ጠዋት።
* አራቱንም ጡት ራሳችሁ እለቡ። የደረቀ፣ የጠጠረ ወይም የጓጎለ ወተት የሚወጣው ጡት ካለ ላሟን ተዉአት።
* ጥርሷን፣ ኮቴዋን፣ አረማመዷን፣ ፋንድያዋን እዩ። በመኖ እጥረት የከሳችና በበሽታ የከሳች ይለያያሉ፤ የመጀመሪያዋ ሣር ሲሰጧት ተሻምታ ትበላለች።
* የሳንባ ነቀርሳና የብሩሴሎሲስ (ላምን የሚያስወርድ፣ ወደ ሰውም የሚተላለፍ በሽታ) ምርመራ አስደርጉ። ወተቱን ቤት ውስጥ የምትጠጡት ሁልጊዜ አፍልታችሁ ነው።
* ከሌላ ከብት ጋር ሳትቀላቅሉ ለሦስት ሳምንት ለብቻዋ አቆዩአት። መዥገሯን አጽዱ።
* ከድሮ ቤቷ ትበላ የነበረውን ጠይቁ፤ ወደ እናንተ መኖ ከሰባት እስከ አሥር ቀን ቀስ በቀስ አሸጋግሯት።
* የአባ ሰንጋ፣ የአባ ጎርባና የጎረርሳ ክትባት ክረምት ሳይገባ አስከትቡ።

ስትገዙ የምትወልድበትን ወርም አስሉ። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው፤ ሰፈሩ ወተት አይገዛም። ያን ጊዜ የምትወልድ ላም ከያዛችሁ መናጫችሁንና የቅቤ ደንበኛችሁን አስቀድማችሁ አዘጋጁ።

በየዓመቱ የካቲት 1 ቀን ክምሩን እንደገና ለኩ። ከዚያ ቀን እስከ ሐምሌ 15፣ አዲሱ ሣር ለአጨዳ እስኪደርስ፣ 165 ቀን አለ። ለሦስት የአካባቢ ላም 40 ኩንታል ደረቅ መኖ ይዛችሁ መገኘት አለባችሁ ማለት ነው። ከ30 በታች ከሆነ አንዷን በዚያው ሳምንት ሽጡ፤ ገና ሥጋ ሳላት፣ ሌላው ሰው ገበያ ሳይወጣ።